ጉንፋኑ ለቀቀኝ፣ አይኔ ግን አሁንም ይቆረቁረኛል

ሰሞኑን የደረሱኝን ጥያቄዎች ሳገላብጥ አብዛኞቹ አንድ አካባቢ የሚያጠነጥኑ ናቸው፤ ጉንፋን ይዞኝ ነበር፣ ከዛ በኋላ አይኔ እንዲህ ሆነ የሚሉ። ስለዚህ የዛሬውን አምድ ሙሉ ለሙሉ ለዚሁ ሰጥቼዋለሁ። ረዘም ያሉትን ጥያቄዎች አሳጥሬያቸዋለሁ፣ ስም ደሞ የማንንም አላወጣሁም።

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር እንዴት ነህ። ከሶስት ሳምንት በፊት ከባድ ኢንፍሉዌንዛ ይዞኝ አልጋ ላይ ጥሎኝ ነበር። ትኩሳቱም ሳሉም አሁን ለቆኛል፣ አይኔ ግን አሸዋ የገባበት ይመስል ይቆረቁረኛል፣ ማታ ማታ ደሞ ያቃጥለኛል። ግራ የገባኝ ምን መሰለህ፣ ውጪ ስወጣ እንባዬ ዝም ብሎ ይወርዳል፣ ፋርማሲ ሄጄ ስጠይቅ ግን አይንህ ደርቋል አሉኝ። እንባው እየፈሰሰ እንዴት ነው አይን የሚደርቀው? ስራዬ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ነው።

መልስ፦ ወንድሜ እንኳን ተሻለህ። የነገሩህ ነገር ትክክል ሊሆን ይችላል፣ ብዙ ሰው ግን ልክ እንዳንተ ግራ ስለሚገባው ረዘም አድርጌ ልመልስልህ። እንባ ውሃ ብቻ አይደለም። አይናችን ላይ ሁልጊዜ ተዘርግቶ የሚኖር በጣም ስስ እርጥበት አለ፣ ከስር አይን ላይ የሚያጣብቀው ንፍጥ መሰል ነገር አለው፣ መሀሉ ውሃ ነው፣ ከላይ ደሞ ውሃው ቶሎ እንዳይተን የሚሸፍነው ቅባት አለ። ውሃውን በዋናነት የሚያመርተው ከአይን በላይ በውጪ በኩል ያለ እጢ ነው፣ ቅባቱን የሚያወጡት የአይን ቆብ ጠርዝ ላይ የተደረደሩ ትንንሽ እጢዎች ናቸው፣ ንፍጥ መሰሉን ደሞ ነጩን የአይን ክፍል የሚሸፍነው ስስ ቆዳ ውስጥ ያሉ ሴሎች ናቸው የሚሰሩት። ከሶስቱ አንዱ ሲጓደል እርጥበቱ አይን ላይ አይረጋም፣ ቶሎ ቶሎ ይቆራረጣል።

የመተንፈሻ አካል ቫይረሶች የሚያስቆጡት ብዙ ጊዜ ያንን ስስ ቆዳ ነው፣ ቆዳው ሲቆጣ ሴሎቹ ይጎዳሉ እና ትኩሳቱ ከጠፋ በኋላም መልሰው እስኪያገግሙ ሳምንታት ሊወስድባቸው ይችላል። በዚህ መሀል ኮርኒያው፣ ማለትም ከፊት ያለው ጥርት ያለው መስታወት መሰል ክፍል፣ በየመሀሉ ይደርቃል። ኮርኒያ ከሰውነታችን ውስጥ እጅግ ብዙ ነርቭ ያለበት ቦታ ስለሆነ ትንሽ ድርቀት ሲሰማው ወዲያው ለአንጎል ያሳውቃል፣ አንጎልም እጢውን እንባ አምጣ ይለዋል፣ እጢው ደሞ አብዛኛው ውሃ የሆነ እንባ በአንዴ ይለቃል፤ ቅባቱም ንፍጥ መሰሉም ስለሚያንሰው ጉንጭህ ላይ ይወርዳል እንጂ አይንህ ላይ አይቆይም። ንፋስ ሲነካህ የሚብስብህም ለዚህ ነው።

አፍንጫም አለበት። በአይን ውስጠኛ ጥግ ላይኛውና ታችኛው ቆብ ላይ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፣ እንባ በነሱ ገብቶ በቀጭን ቱቦ ወደ አፍንጫ ይወርዳል (ስናለቅስ አፍንጫችን የሚፈሰው፣ የአይን ጠብታ ስናደርግ ጉሮሯችን ላይ የሚመረን በዚህ ምክንያት ነው)። ጉንፋን ይዞህ የአፍንጫህ ውስጥ ሲያብጥ የቱቦው መውጫ ይጠባል፣ ያኔ መውረጃው እንደተደፈነ የእጅ መታጠቢያ ሞልቶ ወደ ውጪ ይፈሳል። ስለዚህ አንድ ሰው አይኑ ደርቆም እንባው ሊወርድ ይችላል፣ እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር የለውም።

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ ልምጣ፣ ምክንያቱም ነገሩን የሚያራዝምብህ እሱ ይመስለኛል። ሰው በተለመደው ሁኔታ በደቂቃ ወደ 15 ጊዜ አካባቢ አይኑን ያርገበግባል፣ ስክሪን ላይ ሲያፈጥ ግን ከግማሽ በታች ሊወርድ ይችላል፣ ያርገበገበውም ብዙ ጊዜ ሙሉ ለሙሉ አይዘጋም። ጤነኛ አይን ይሄንን ይችለዋል፣ ከበሽታ ገና ያገገመ አይን ግን አይችለውም። በየ20 ደቂቃው ቀና ብለህ ለ20 ሰከንድ ያህል ራቅ ያለ ነገር እይ፣ 6 ሜትር ገደማ ይበቃል፣ እያየህም አይንህን ሙሉ በሙሉ እየዘጋህ አርገብግብ። ስክሪኑን ከአይንህ ዝቅ አድርገው፣ አይንህ በሰፊው ባልተከፈተ ቁጥር ትነቱ ይቀንሳል። ማራገቢያ ወይም ኤሲ ፊትህ ላይ እንዳይነፍስ አዙረው።

ሰው ሰራሽ እንባ የሚባለው ጠብታ ይረዳሃል፣ በቀን 4 ጊዜ ጀምር። ከዛ በላይ ደጋግመህ የምትጠቀም ከሆነ መጠበቂያ ኬሚካል የሌለበትን ጠይቅ፣ ብዙዎቹ ጠርሙሶች ውስጥ ያለው ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ የሚባለው ነገር ሲበዛ ራሱ ኮርኒያውን ያስቆጣል። በአንዴ ሁለት ሶስት ጠብታ ማፍሰስ ጥቅም የለውም፣ ከጠርሙስ የሚወጣ አንዲት ጠብታ ራሷ አይን መያዝ ከሚችለው በላይ ናት፣ ትርፉ ጉንጭህ ላይ ነው የሚሄደው። ንፁህ ጨርቅ ለብ ባለ ውሃ ነክረህ የተዘጋ አይንህ ላይ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ማድረግ ደሞ የረጋውን ቅባት ያላላዋል።

አንድ ነገር ግን አደራ፣ ቅላቱን ወዲያው ነጭ የሚያደርጉ ጠብታዎች አሉ፣ ቴትራሃይድሮዞሊን ወይም ናፋዞሊን የሚባል መድሃኒት ያለባቸው፣ እነሱን አትልመድ። የደም ስሩን ለጊዜው ያጠቡታል እንጂ ድርቀቱን አያክሙትም፣ ስትተዋቸው ደሞ ቅላቱ ብሶ ይመለሳል። እንዲህ እያደረግክ በአንድ ወር ውስጥ ለውጥ ካላየህ ታይ፣ ሀኪሙ ታችኛው ቆብህ ላይ ትንሽ ወረቀት አንጠልጥሎ በ5 ደቂቃ ስንት ሚሊሜትር እንደረጠበ ያያል፣ ከ5 ሚሊሜትር በታች ከሆነ እንባው ራሱ አንሷል ማለት ነው፣ ያኔ ህክምናውም ይለያል።

ጥያቄ፦ ዶክተርዬ እባክህ ቶሎ መልስልኝ። የ6 አመት ልጄ ጉሮሮውን አመመው፣ አተኮሰው፣ ከዛ አንድ አይኑ ቀላ፣ በሁለተኛው ቀን ሌላኛውም ቀላ። ጠዋት ሲነሳ በአይናር ተጣብቆ ነው። አሁን እኔም እየቀላብኝ ነው። ቤት ውስጥ የቀረ የአንቲባዮቲክ ጠብታ አለኝ፣ ላድርግለት? ትምህርት ቤትስ መቼ ይመለስ?

መልስ፦ እህቴ አይዞሽ። የጉሮሮ ህመም፣ ትኩሳትና የሁለቱም አይን ቅላት ተከታትለው ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠረጠረው አዴኖቫይረስ ነው፣ ጉሮሮንም አይንንም አብሮ ይይዛል። ከጆሮው ፊት ለፊት በጣትሽ ስትነኪው ትንሽ እብጠት ካገኘሽ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ቤት ያለውን ጠብታ አታድርጊለት። አንቲባዮቲክ ቫይረስ አይገድልም፣ ተከፍቶ የቆየ ጠርሙስ ደሞ ራሱ ጀርም ሊይዝ ይችላል፣ እሱን ለሱም ላንቺም ስትጠቀሙ ደሞ ከአንዱ ወደ ሌላው ማስተላለፍ ነው። አይናሩን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃና በንፁህ ጨርቅ ከውስጠኛው ጥግ ወደ ውጪ ጥረጊለት፣ ለእያንዳንዱ አይን ለየብቻው ጨርቅ፣ ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ከላይ ማድረግም ያሳርፈዋል።

ዋናው ስራሽ መተላለፉን መግታት ነው። ይሄ ቫይረስ ደረቅ ነገር ላይ፣ የበር እጀታ፣ መጫወቻ፣ ስልክ ላይ ለቀናት አንዳንዴም ለሳምንታት ይቆያል፣ ብዙዎቹን ቫይረሶች የሚሸፍናቸው የቅባት ሽፋን ስለሌለው ደሞ የእጅ አልኮል እንደሌሎቹ በቀላሉ አያጠፋውም። ስለዚህ በሳሙናና በውሃ መታጠብ ላይ ጠንክሪ፣ ፎጣ ለየብቻ ይሁን፣ የትራስ ልብስ ቶሎ ቶሎ ቀይሪ። ትምህርት ቤት አይኑ ቀልቶ እንባ እየፈሰሰው ባይሄድ ነው የሚሻለው፣ ማስተላለፉ ከ10 እስከ 14 ቀን ሊቆይ ይችላል፣ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች የሀኪም ወረቀትም ይጠይቃሉ።

ሁለት ነገር ግን ተከታተይ። አንዱ ጆሮውንም አመመኝ ካለና ወፍራም ቢጫ አይናር ቀኑን ሙሉ ከወጣው ነገሩ ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል፣ ያን ጊዜ የሚዋጥ አንቲባዮቲክ ሊያስፈልገው ስለሚችል ይታይ። ሁለተኛው ላንቺም ለሱም ነው፣ ከአንዳንድ የአዴኖቫይረስ አይነቶች በኋላ ቅላቱ ሊጠፋ ሲል ኮርኒያው ላይ ትንንሽ ነጫጭ ነጠብጣቦች ይወጣሉ፣ እይታ ደብዘዝ ይላል፣ መብራት ያስቸግራል። ለወራት ሊቆዩ ይችላሉ፣ ብዙ ጊዜ ቀስ በቀስ ይጠፋሉ፣ ግን የአይን ሀኪም ሊያያቸው ይገባል። ብርሃን ጨርሶ አልችልም ካለሽ ወይም አይኑን መክፈት ካቃተው ቀን አትቁጠሪ፣ ውሰጂው።

ጥያቄ፦ ዶክተር ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 67 ነው። ጉንፋን ሲይዘኝ ማታ ማታ የምወስደው ክኒን አለ፣ ንፍጡን ያደርቅልኛል እንቅልፍም ይሰጠኛል፣ ግን አፌም አይኔም ይደርቃል። ግላኮማም አለብህ ተብዬ ጠብታ እወስዳለሁ። ችግር አለው ወይ?

መልስ፦ አባቴ ጤና ይስጥልኝ፣ መጠየቅዎ በጣም ጥሩ ነው። የጉንፋን ክኒኖች ውስጥ ብዙ ጊዜ ክሎርፌኒራሚን ወይም ዳይፈንሃይድራሚን የሚባል መድሃኒት አለ፣ ንፍጥን የሚያደርቅበት መንገድ ምራቅንም እንባንም የሚያደርቅበት ነው፣ አፍንጫን ለይቶ አያውቅም። ዕድሜ ሲጨምር እንባ በራሱ ስለሚቀንስ በእርስዎ ዕድሜ ጎልቶ ይሰማል። ይሄኛው ግን ያስቸግራል እንጂ ብዙም አያሰጋም።

የሚያሰጋኝ ግላኮማው ነው። ግላኮማ፣ ማለትም ብዙ ጊዜ የአይን ግፊት ጨምሮ የእይታ ነርቭን የሚጎዳው በሽታ፣ አይነት አለው፣ በአይን ውስጥ ያለው የፈሳሽ መውጫ ማዕዘን ክፍት የሆነበትና ጠባብ የሆነበት። የእርስዎ ጠባብ ከሆነና በሌዘር ወይም በኦፕሬሽን ካልታከመ እነዚህ ክኒኖች፣ እንዲሁም አፍንጫ የሚከፍተው ሱዶኤፌድሪን፣ ብሌኑን በማስፋት የአይን ግፊቱን በድንገት ከፍ ሊያደርጉት ይችላሉ። የትኛው እንደሆነ ለሀኪምዎ ስልክ ደውለው ይጠይቁ፣ እስኪነግሩዎት ክኒኑን ይተዉት፣ የግላኮማ ጠብታዎን ግን አንድም ቀን አያቋርጡ። ለአፍንጫዎ ጨዋማ ውሃ፣ ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀው፣ ይበቃል። ድንገት አይንዎን በኃይል ካመመዎ፣ በመብራት ዙሪያ ቀለበት ካዩ፣ ራስ ምታትና ማስመለስ ከመጣ እስኪነጋ አይጠብቁ፣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ሃይ ዶክ። ጉንፋን ይዞኝ ትኩሳቱ ሲለቀኝ ከንፈሬ ላይ ምች ወጣብኝ፣ ወዲያው ደሞ ግራ አይኔ ብቻ ቀላ። ጓደኛዬ ከዚህ በፊት ለአለርጂ የታዘዘላት ጠብታ ሰጠችኝ፣ ላዩ ላይ ዴክሳሜታሶን ይላል፣ ሁለት ቀን በጣም ተሻለኝ ቅላቱ ሁሉ ጠፋ፣ አሁን ግን በሱ አይኔ ሳይ ጭጋግ ነው። ህመሙ ብዙም አይደለም። ልቀጥል ወይስ ልተው?

መልስ፦ እህቴ፣ ላንቺ በግል ወዲያው መልሼልሻለሁ፣ እዚህም የማወጣው ሌሎች እንዲያነቡት ነው። ያንን ጠብታ ከዚህ በላይ አታድርጊ፣ ጠርሙሱን ይዘሽ ዛሬውኑ የአይን ሀኪም ጋር ሂጂ፣ ነገ አይባልም።

ከንፈር ላይ ምች የሚያወጣው ሄርፒስ የሚባል ቫይረስ ነው። አንዴ ከገባ አይወጣም፣ የፊት ስሜት የሚያስተላልፈው ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል፣ ትኩሳት ሲያገኝ ይነቃል። ያ ነርቭ ደሞ ለከንፈርም ለኮርኒያም ቅርንጫፍ አለው፣ ስለዚህ ከጉንፋን በኋላ ከንፈር ላይ እንደወጣው ሁሉ ኮርኒያ ላይም ሊወጣና ሊያቆስል ይችላል። ሀኪሙ አረንጓዴ የሚያበራ ቀለም ጨምሮ በሰማያዊ መብራት ሲያየው ቁስሉ ቅርንጫፍ ያለው ሆኖ ይታየዋል።

ዴክሳሜታሶን ስቴሮይድ ነው፣ ስራው ሰውነት ለጀርሙ የሚሰጠውን ምላሽ ማብረድ ነው። ቅላትና ማበጥ የዛ ምላሽ አካል ስለሆኑ አይንሽ ነጭ ሆነ፣ አንቺም ተሻለኝ አልሽ፣ ቫይረሱ ግን ከልካይ አጥቶ ኮርኒያው ውስጥ እየሰፋ ነው የሚሄደው። ህመሙ ብዙም አለመሆኑ አያጽናናሽ፣ ቫይረሱ የኮርኒያውን ነርቭ ስለሚያደነዝዝ አንዳንዴ ቁስሉ ከፍቶም ህመሙ ይቀንሳል፣ ነርቩ ሲደነዝዝ ደሞ ማርገብገብም እንባም ይቀንሳል እና ዳኑ ከተባለ በኋላም ድርቀት የሚቀርባቸው ሰዎች አሉ። መድሃኒት አለው፣ አሳይክሎቪር በክኒን ወይም በቅባት፣ ጋንሲክሎቪር ጄል፣ ቶሎ ከተጀመረ በደንብ ይሰራል፣ ከዘገየ ግን ጠባሳ ጥሎ እይታ ይወስዳል።

ይሄንን አጥብቄ ነው የምላችሁ። የስቴሮይድ ጠብታ በትክክለኛው ሰው አይን ላይ፣ በሀኪም ክትትል፣ አይን ያድናል። ከጓደኛ የተወሰደ፣ ሳይታዩ ከፋርማሲ የተገዛ፣ ባለፈው አሽሎኝ ነበር ተብሎ የተደገመ ስቴሮይድ ግን ሄርፒሱን ከማባባሱም በላይ ሲቆይ ግላኮማና የአይን ሞራ ያመጣል። መጨረሻው “ሶን” ወይም “ሎን” የሚል ስም፣ ዴክሳሜታሶን፣ ቤታሜታሶን፣ ሃይድሮኮርቲሶን፣ ፕሬድኒሶሎን፣ ካያችሁበት ቆም በሉ። ከአንቲባዮቲክ ጋር ተቀላቅሎም ይሸጣልና ትንሹን ጽሁፍ ሳታነቡ አይናችሁ ላይ ምንም አታድርጉ።

ጥያቄ፦ በጣም ስስል አድሬ ጠዋት መስታወት ሳይ የአይኔ ነጭ ግማሹ ደም ሆኗል። አያመኝም፣ እይታዬም ደህና ነው። ደንግጬ ነው የምጽፍልህ።

መልስ፦ አትደንግጥ። በኃይል ስትስል ስስ የደም ስር ተበጥሶ ደሙ ከቆዳው ስር ተዘርግቶ ነው። በአንድ ወይም ሁለት ሳምንት ቀለሙን እየቀየረ ይጠፋል፣ መድሃኒት አይፈልግም። ደም የሚያቀጥን መድሃኒት የምትወስድ ከሆነ ወይም ደጋግሞ ከመጣ ግን ደም ግፊትህንም ደምህንም አስመርመር።

ጥያቄ፦ የወንድሜ ልጅ 2 አመቱ ነው፣ ኩፍኝ ይዞታል። ይስላል፣ ያተኩሰዋል፣ አይኑ ቀልቷል፣ መብራት አይወድም። ሲያለቅስም እንባ አይወጣውም። ለአይኑ ምን ብናደርግለት ይሻላል?

መልስ፦ ዛሬ ጤና ተቋም ውሰዱት፣ እንባ አለመኖሩ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱም አይናቁም። አንደኛው በትኩሳትና በተቅማጥ ፈሳሽ አልቆበት ነው፣ ህፃን እያለቀሰ እንባ ከሌለው፣ አፉ ከደረቀ፣ ሽንቱ ከቀነሰ ይሄ ነው መጀመሪያ የሚታሰበው። ሁለተኛው ቫይታሚን ኤ ነው። ኩፍኝ በሰውነት ውስጥ ያለውን ቫይታሚን ኤ በፍጥነት ያሟጥጣል፣ አይን ደሞ ያለሱ እርጥበቱን መጠበቅ አይችልም፣ ነጩ ክፍል አብረቅራቂነቱን አጥቶ ይደርቃል፣ ኮርኒያው ይላላል፣ ሲብስ በጥቂት ቀን ውስጥ ቀልጦ ሊበሳ ይችላል። ከኩፍኝ በኋላ ለህይወታቸው ሙሉ ማየት ያቃታቸው ልጆች ብዙዎቹ በዚህ መንገድ ነው የታወሩት፣ ይሄ ደሞ መከላከል የሚቻል ነገር ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ኩፍኝ ለያዘው ልጅ ሁሉ ቫይታሚን ኤ በሁለት ተከታታይ ቀን እንዲሰጠው ይመክራል፤ 1 አመትና ከዛ በላይ ለሆነው 200,000 ዩኒት፣ ከ6 እስከ 11 ወር ለሆነው 100,000፣ ከዛ በታች ለሆነው 50,000። አይኑ ላይ የእጥረት ምልክት ካለ ከሳምንታት በኋላ ሶስተኛ ይጨመራል። ይሄንን የምጽፈው እንድትጠይቁ ነው እንጂ ቤት ውስጥ እንድትሰጡት አይደለም፣ ሲበዛ መርዝ ነው። አይኑ ውስጥ ደሞ ቅጠልም ሆነ ወተትም ሆነ ሌላ ምንም ነገር አትጨምሩ፣ የላላ ኮርኒያ ጀርም ይቀበላል። ቤት ውስጥ ያልተከተቡ ሌሎች ልጆች ካሉ ስለነሱም አብራችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ቫይረስ በአይን በኩል ይገባል የሚባለው እውነት ነው? እኔ ኮንታክት ሌንስ አደርጋለሁ፣ ማስክም ስራ ቦታ ግዴታ ነው፣ ጉንፋን ሲይዘኝ ምን ላድርግ?

መልስ፦ አዎ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2003 ሆላንድ ውስጥ ኤች7ኤን7 የሚባል የወፍ ኢንፍሉዌንዛ የዶሮ እርባታ ውስጥ ሲነሳ 89 ሰዎች መያዛቸው ተረጋግጦ ነበር፣ ከነሱ ውስጥ 78ቱ ላይ የታየው የአይን ቅላት ብቻ ነው፣ አንድ የእንስሳት ሀኪም ግን ሳንባው ተጎድቶ ሞቷል። እንባ ራሱ ጀርም የሚዋጉ ነገሮች አሉበት፣ ላይሶዛይም፣ ላክቶፌሪንና አንቲቦዲ፣ ሆኖም ያልታጠበ እጅ በየደቂቃው ሲያሸው ሁሉንም አይመክትም። አይንህን በእጅህ አትንካ የምንለው ለዚህ ነው።

ማስኩ ከላይ በኩል አፍንጫህ ላይ ካልገጠመ ትንፋሽህ በቀጥታ አይንህ ላይ ይነፍስና ያደርቀዋል፣ ሽቦውን ተጭነህ ግጠመው ወይም የላይኛውን ጠርዝ ቆዳ በማይጎዳ ፕላስተር ለጥፈው። ሌንሱን ደሞ ጉንፋን ሲጀምርህ አውልቀህ መነፅር አድርግ፣ እንባ ባነሰ ቁጥር ሌንሱ ኮርኒያውን ይፈትገዋል፣ የተፈተገ ኮርኒያ ደሞ ለባክቴሪያ ቁስል የተጋለጠ ነው። አይንህ ቀልቶ እያለ አድርገኸው የነበረውን ጥንድና ማስቀመጫውን ጣላቸው፣ ሌንስ በቧንቧ ውሃ አይታጠብም። መልሰህ የምታደርገው ቅላቱም፣ መቆርቆሩም፣ አይናሩም ሙሉ በሙሉ ከጠፋ በኋላ ነው። ሌንስ የሚያደርግ ሰው አይኑ ቀልቶ ካመመው ግን ጉንፋኑ ነው ብሎ ቤት አይቀመጥ፣ በዛው ቀን ይታይ።